ዘሩ የማን ነው? ከወረኢሉ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ንግድና ገበያ ልማት ቢሮ፣ ባሕር ዳር
ለወረኢሉ ወረዳ ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት፣ ወረኢሉ

ጉዳዩ፦ በፍራንቻይዝና በወኪልነት ውሎች ውስጥ ያለው የአቅራቢ ግዴታ ከፊርማ በፊት እንዲገለጽ ስለመጠየቅ

በወረኢሉ ከተማ የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሂሳብ በመያዝ የምተዳደር ሰው ነኝ። ደረሰኝ አሰባስባለሁ፣ የግብር ቅጽ እሞላለሁ፣ ሰው ያመጣልኝን ውል አነባለሁ። ቀድሞ ለማንበብ የሚመጡልኝ ውሎች የቤት ኪራይ፣ የብድርና የሽርክና ነበሩ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን «የእኛን ስም ይዘህ ሽጥ» የሚሉ በዝተዋል። የቢራና የለስላሳ ወኪልነት፣ የሞባይል ገንዘብ ወኪልነት፣ የቀለም፣ የመኖ፣ የዳቦና የኬክ ቤት፣ አልፎ አልፎም ፍራንቻይዝ ተብሎ በግልጽ የተጻፈ አለ። የምጽፍላችሁ ከነዚህ ውሎች ስለ አንዱ አንቀጽ ብቻ ነው። ዕቃውን ከማን እንደምንገዛና በስንት እንደምንገዛ ስለሚወስነው አንቀጽ።

ነጋዴው ውሉን ይዞልኝ ሲመጣ ስለ መግቢያ ክፍያው ቀድሞ ተከራክሮ ጨርሷል። መቶ ሺሕ ተብሎ ሰማንያ ሺሕ አድርጓት ከሆነ ፊቱ ላይ ይነበባል። የአቅራቢው አንቀጽ ግን ብዙ ጊዜ ከስምንተኛው ወይም ከዘጠነኛው ገጽ በኋላ ነው የሚገኘው፤ ከሁለት ሦስት መስመርም አያልፍም። አባባሉ ከውል ውል ቢለያይም ጭብጡ ይኸው ነው፦ ስሙን የወሰደው ሰው ለሥራው የሚያስፈልገውን ሁሉ ባለ ስሙ ከፈቀደላቸው አቅራቢዎች ብቻ፣ ባለ ስሙ በየጊዜው በሚያወጣው ዋጋ ይገዛል። በየጊዜው የሚወጣው ዋጋ ከምን ተነሥቶ እንደሚሰላ አይጻፍም። የአቅራቢዎቹ ዝርዝር «በአባሪው» ይባላል፤ አባሪው አብሮ አይመጣም።

እዚህ አገር መሬቱን ለእኩል የሚሰጥ ሰውና አራሹ ሲነጋገሩ ከምርቱ ድርሻ በፊት የሚነሣ ጥያቄ አለ። ዘሩ የማን ነው? በሬውስ? ማዳበሪያው ከማን ኪስ ይወጣል? ይህ ሳይታወቅ እኩል ይሁን ሲሶ ማለት ከንቱ ነው። አንድም የወረኢሉ ገበሬ፣ ፊደል ባይቆጥርም፣ ይህን ሳይጠይቅ መሬት አይቀበልም። የዚያው ገበሬ ልጅ ግን ከተማ ገብቶ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ፣ የታወቀ ስም ያለበት ሰሌዳ በሱቁ ላይ ሊሰቅል ሲፈርም ይህን ጥያቄ አያነሣም። አባቱ ያስተማረው ጥያቄ ጠፍቶበት አይመስለኝም። ጥያቄው እንዳይነሣ ተደርጎ የተጻፈ ወረቀት ነው የቀረበለት፤ ከኋላው ደግሞ «ቦታውን ሌላ ሰው ይፈልገዋል፣ እስከ ዓርብ ፈርም» የሚል ስልክ አለ።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። አንድ የምግብ ቤት በወር 400,000 ብር ሸጠ እንበል። ውሉ በግልጽ ያስቀመጠው የስም ክፍያ ከሽያጩ 3 በመቶ ቢሆን 12,000 ብር ነው፤ ነጋዴው ይህን ያውቀዋል፣ ፈርሞበታልም። ከተፈቀደለት አቅራቢ የሚገዛው ዱቄት፣ ዘይት፣ አይብ፣ ማሸጊያና ሶፍት በወር 140,000 ብር ያስወጣዋል። ያንኑ ዕቃ፣ በዚያው ጥራት፣ ደሴ ላይ በ125,000 ብር የሚያገኘው ቢሆን በየወሩ 15,000 ብር በላዩ ላይ እየከፈለ ነው፤ በዓመት 180,000። ማለትም በውሉ ካልተጻፈው ክፍያ የተጻፈው ያንሳል። ቤቱ ሁሉን ከፍሎ በወር 30,000 ብር የሚተርፈው ከሆነ ያ ያልተጻፈው ክፍያ የትርፉን ግማሽ ያህላል። ከ15,000ው ላይ አቅራቢው ለባለ ስሙ ኮሚሽን ይመልስ ወይም አይመልስ ነጋዴው የሚያውቅበት መንገድ የለም። የትኛውም ደረሰኝ ላይ አይወጣምና እኔም ሂሳብ ስይዝ አላገኘውም።

ባለ ስሞቹን በሙሉ አልከስም። ስሙን ያከራየ ሰው ስሙ እንዳይበላሽበት አቅራቢውን መምረጥ ይገባዋል። በዓለም ላይ ትልቁ የለስላሳ ንግድ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። የኮካ ኮላ ባለቤት ጠርሙስ የሚሞላውን ፋብሪካ በየአገሩ ለሌላ ይተዋል፤ የመጠጡን መሠረት የሆነውን ኮንሰንትሬት ግን ራሱ ይሸጥለታል፣ ትርፉንም የሚያገኘው በዋናነት ከዚያ ነው። የአገራችን ለስላሳ አምራች ሞሐ ፔፕሲን ሲሞላ የኖረውም በተመሳሳይ መንገድ ነው። እነዚህ ግን በሁለቱም በኩል የሕግ ባለሙያ፣ የሂሳብ ክፍልና ባንክ ያላቸው ድርጅቶች ናቸው። ፒዛ ሃት በ2010 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ኩባንያው በበላይአብ በኩል አዲስ አበባ ሲገባም ተዋዋዮቹ ምን እየፈረሙ እንደሆነ አልጠፋቸውም። የኔ ጥያቄ ይኸው የውል ዓይነት ወደ ታች ወርዶ፣ አንድ ክፍል ሱቅና የእናቱን ቤት ካርታ በዋስትና ያስያዘ ልጅ ጋ ሲደርስ ምን ይሆናል ነው። ኮንሰንትሬቱን ከባለ ስሙ መግዛት ግድ ይሆናል፤ ስኳሩን፣ ወንበሩን፣ ሶፍቱን፣ የግድግዳውን ቀለም ከዚያው መግዛት ለምን ግድ እንደሚሆን ግን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ጉዳዩ ለዓለም አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ቺክን ዲላይት የሚባል የተጠበሰ ዶሮ ሻጭ ነበር። ስሙን ለሚወስዱ ነጋዴዎች የመግቢያ ክፍያም ሆነ ከሽያጭ የሚቆረጥ ክፍያ አይጠይቅም ነበር። በምትኩ መጥበሻውን፣ ማሸጊያውንና ቅመሙን ከእርሱ ብቻ፣ ከገበያው በላይ በሆነ ዋጋ እንዲገዙ ያስገድድ ነበር። ነጋዴዎቹ ከሰሱ፤ በ1971 እ.ኤ.አ. የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ስሙን ከማሸጊያው ጋር አስሮ መሸጥ የውድድር ሕጉን እንደሚጥስ ወሰነ። ጥራት ለመጠበቅ ነው የሚለው መከራከሪያም ማሸጊያው ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ጽፎ መስጠት ይቻል ነበር ተብሎ ተቀባይነት አላገኘም። ይህን ፍርድ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬ ግን አልዘለቀም። በ1997 እ.ኤ.አ. የዶሚኖስ ፒዛ ባለ ሱቆች ሊጡንና ግብዓቱን ከኩባንያው እንድንገዛ ተገደድን ብለው ሲከሱ ሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት አልሰማቸውም። ምክንያቱ በአጭሩ ይህ ነበር፦ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ግዴታ ታውቁ ነበር፣ ያኔ ሌላ ስም መምረጥ ትችሉ ነበር።

ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን ሳያቸው የምረዳው ከፊርማ በኋላ ፍርድ ቤት መሄድ ደካማ መድኃኒት መሆኑን ነው። ነጋዴው ጉልበት ያለው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ነው፤ እነዚያ ቀናት ደግሞ የሚጠቅሙት መረጃ ካለ ነው። አሜሪካ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስም ሰጪው ዝርዝር ሰነድ አስቀድሞ እንዲሰጥ ታስገድዳለች፤ ዛሬ ጊዜው ከፊርማ በፊት 14 ቀን ነው። ከሰነዱ ክፍሎች አንዱ ሙሉ በሙሉ ስለ አቅራቢ ነው፦ ከማን መግዛት ግዴታ እንደሆነ፣ ባለ ስሙ ከአቅራቢዎቹ ገንዘብ ያገኝ እንደሆነና ምን ያህል፣ የግዴታ ግዢው ከጠቅላላው ወጪ ስንት በመቶ እንደሚሆን። ወደ አህጉራችን ስንመጣ ደቡብ አፍሪካ በሸማቾች ጥበቃ ሕጓ መረጃው አስቀድሞ እንዲሰጥ ከማዘዟም በላይ የፈረመው ሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ያለ ቅጣት ውሉን እንዲተው ፈቅዳለታለች። ይህ የመጨረሻው እጅግ ያስቀናኛል።

የእኛ ሕግ ባዶ ነው ብዬ አልጽፍላችሁም፤ ባዶ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1686 አንድ ወገን ለንግዱ ያዘጋጃቸው ጠቅላላ የውል ቃሎች ሌላውን ወገን የሚያስገድዱት አውቆ ከተቀበላቸው፣ አለዚያም የመንግሥት ባለሥልጣን ካዘዛቸው ወይም ካጸደቃቸው ነው ይላል። አብሮ ያልመጣ አባሪ እንዴት «ታውቆ» እንደተቀበለ ዳኛ ፊት የሚያስረዳ ጠበቃ ቢኖር ማየት እፈልጋለሁ። ቁጥር 1738 ደግሞ አንድ ወገን ብቻውን ያዘጋጀው የውል ቃል አጠራጣሪ ሲሆን ላላዘጋጀው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል ይላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በገበያ የበላይ የሆነ ነጋዴ አንዱን ዕቃ ለመሸጥ ሌላውን ግዛ ብሎ እንዳያስገድድ፣ ከላይና ከታች ባሉ ነጋዴዎች መካከልም ዝቅተኛ የችርቻሮ ዋጋ እንዳይተመን ከልክሏል። የዚህ አዋጅ ጠባቂ የነበረው ባለሥልጣን ሥራ በ2014 ወደ እናንተ መጥቷል። ደብዳቤውን ለሌላ መሥሪያ ቤት ያላደረግሁት ስለዚህ ነው።

ክፍተቱ ግን አለ። አዋጁ የሚጠይቀው የበላይነትን ነው፤ ወረኢሉ ላይ አንድ ሱቅ ያስፈረመ ኩባንያ በገበያው የበላይ ላይሆን ይችላል፣ ለዚያ ሱቅ ግን ብቸኛ አቅራቢው ነው። አዋጁ ዝቅተኛውን ዋጋ እንጂ ከፍተኛውን አልከለከለም፤ እንደ ወረኢሉ ያለውን ሩቅ ደጋ የሚጎዳው ደግሞ ከፍተኛው ነው። ኩባንያው በማስታወቂያ «ዋጋው ይህ ነው» ብሎ ለአገር ሁሉ ያስታውቃል። ከኮምቦልቻ በደሴ፣ በጉጉፍቱና በካቤ አድርጎ ወረኢሉ ድረስ የአይሱዙ ኪራይ፣ ጫኝና አውራጅ፣ መንገድ ላይ የሚሰበረው ጠርሙስ ግን በሻጩ ላይ ነው። በማስታወቂያው ዋጋ ከሸጠ ይከስራል፣ ጨምሮ ከሸጠ «ዋጋ ጣሰ» ተብሎ ውሉ ይቋረጣል፣ ደንበኛውም ሌባ ይለዋል። ከለላ፣ ደጎሎ፣ መካነ ሰላም ያለው ነጋዴ ከዚህ የባሰ መንገድ ይቆጥራል። እናንተው የነዳጅ ዋጋ ስታወጡ ርቀቱን ቆጥራችሁ ለየከተማው ትለያላችሁ። በመንግሥት ዋጋ ላይ ርቀት የሚቆጠር ከሆነ በግል ውል ላይ ርቀቱ በማን ሂሳብ እንደሆነ ቢያንስ በግልጽ መጻፍ አለበት እላለሁ።

ከዚያ ኮታው አለ። በወር ይህን ያህል ሣጥን ወይም ይህን ያህል ኩንታል ካላነሣህ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ የሚል። በሰላሙ ጊዜ ኮታ ያተጋል፤ ጥሩ ነው። በ2014 መጀመሪያ ወራት የሰሜኑ ጦርነት ወረኢሉንና አቀስታን ሲያዳርስ፣ ከዚያም ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ኮታው እንዴት ይቆጠር እንደነበር ግን ያነበብኳቸው አብዛኞቹ ውሎች ዝም ይላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአቅም በላይ ስለሆነ ኃይል ያስቀመጠው አለ፣ እርግጥ ነው። ሕጉን ጠቅሶ ለመከራከር ግን ጠበቃ፣ ጊዜና የደሴ መጓጓዣ ያስፈልጋል፤ አንድ መስመር በውሉ ውስጥ ቢገባ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ውጭ አገር የሚመረት ግብዓት ሲኖር ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ዋጋው በዶላር ተሰልቶ በዕለቱ ምንዛሪ በብር ይከፈላል የሚል ውል አይቻለሁ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ወደ 100 ብርና ከዚያ በላይ ወጣ። እንዲህ ያለ ውል የነበረው ነጋዴ ያንኑ ካርቶን በእጥፍ ገደማ ገዛ፣ የሚሸጥበትን ዋጋ ግን ያለ ባለ ስሙ ፈቃድ ማንሣት አልቻለም። የምንዛሪው አደጋ በሙሉ በታችኛው ሰው ላይ አረፈ፤ ይህ ደግሞ የተወሰነው ውሉ በተጻፈ ዕለት ነበር።

ስለ ፍሪጁም ልጨምር፤ ትንሽ ነገር ቢመስልም የብዙ ግሮሰሪ ራስ ምታት ነው። ኩባንያው አርማው ያለበት ፍሪጅ «በነፃ» ያቀርባል። በፊርማው ወረቀት ግን ፍሪጁ ውስጥ የሌላ ኩባንያ ጠርሙስ እንዳይገባ፣ ሲበላሽ ጥገናው በተጠቃሚው እንዲሆን፣ ሽያጩ ካነሰ እንዲነሣ ተጽፏል። ሌላ ፍሪጅ ማቆሚያ ቦታ በሌለበት ሁለት ሜትር ሱቅ ውስጥ ይህ ማለት ሱቁ በሙሉ የአንድ ኩባንያ ሆነ ማለት ነው። የጠርሙስና የሣጥን ማስያዣው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ሲገባ በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል፣ ሲወጣ «ሣጥኑ አርጅቷል» ይባላል። የተረፈውን ሸቀጥ፣ አርማ የታተመበትን ማሸጊያ፣ በግዳጅ የተገዛውን ምድጃ ውሉ ሲያልቅ ማን እንደሚረከብ ሳይጻፍ የቀረበት ውል በእጄ ብዙ አልፏል። አርማ ያለበትን ካርቶን ለሌላ መሸጥ ክልክል ነው፣ ባለ ስሙም አይመልሰውም። አይጥ ይበላዋል።

ይህን ሁሉ ዛሬ የምጽፈው ጊዜው ስለሆነ ነው። በ2016 የወጣው የኢንቨስትመንት ቦርድ መመሪያ ቁጥር 1001 ለረጅም ዘመን ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የነበረውን የገቢ፣ የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ከፍቷል። መምጣታቸው ይከፋኛል አልልም። ሲመጡ ግን አብዛኞቹ በየወረዳው የራሳቸውን ሱቅ አይከፍቱም፤ ስም ይሰጣሉ፣ ውል ያስፈርማሉ። በዚያ ውል አንዳንዶቹ በአገራቸው አስቀድመው ሊገልጹት የሚገደዱትን ነገር እዚህ ሳይገልጹ የሚያልፉበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ስሙን ለሌላ ሰጥቶ ግብዓት የሚያስገዛ ማንኛውም ድርጅት፣ የውጭም የአገር ውስጥም፣ ከፊርማው ቢያንስ 14 ቀን በፊት ስለ አቅራቢ ግዴታው ብቻ የሚናገር አጭር ወረቀት በአማርኛ ወይም በአካባቢው የሥራ ቋንቋ እንዲሰጥ በመመሪያ ይታዘዝ። ወረቀቱ የትኞቹ ዕቃዎች ከማን ብቻ እንደሚገዙና ለምን እንደሆነ፣ የዛሬ ዋጋቸው ስንት እንደሆነ፣ ዋጋው በምን ሥሌት እንደሚለወጥና ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገር፣ ባለ ስሙ ከአቅራቢው የሚያገኘው ገንዘብ ካለ፣ የመጓጓዣውና የስብራቱ ወጪ በማን ሂሳብ እንደሆነ፣ መንገድ ሲዘጋ ኮታው ምን እንደሚሆን፣ ውሉ ሲያልቅ ማስያዣውና የተረፈው ሸቀጥ እንዴት እንደሚመለስ ይናገር። በወረቀቱ ላይ ያልተገለጸ የግዢ ግዴታ ነጋዴውን አያስገድደውም ይባል። ጥራቱን የሚያሟላ ሌላ አቅራቢ ያገኘ ነጋዴም ናሙና አቅርቦ ፈቃድ የሚጠይቅበት፣ መልስም በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ የሚያገኝበት መንገድ ይኑር።

አንዳንድ ባለ ስሞች «ይህ የንግድ ምሥጢር ነው» እንደሚሉ አውቃለሁ። የቅመሙ አሠራር ምሥጢር ሊሆን ይችላል፤ ቅመሙን የምገዛበት ዋጋ ከእኔ፣ ከገዢው፣ ምሥጢር ሊሆን አይችልም። «ነጋዴው አንብቦ ፈርሟል» የሚሉም አሉ። አንብቦ ቢሆን ኖሮ እኔ ጋ ለምን ይመጣል? ከፈረመ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ከመፈረሙ በፊት ከሚመጣው ይበልጣል።

ለወረዳችን ጽሕፈት ቤት የማቀርበው ከዚህ ቀለል ያለ ነው። መመሪያ እስኪወጣ መጠበቅ አያሻም። በወኪልነት ወይም በሌላ ሰው ስም ለሚሠራ ነጋዴ ፈቃድ ስታወጡ ወይም ስታድሱ አባሪው አብሮ መኖሩን ጠይቁ፤ ከሌለ «ሂድና አምጣ» በሉት። ለውሉ ትክክለኛነት ኃላፊነት ውሰዱ አላልኩም። አባሪውን ለማምጣት ወደ ኩባንያው የሚሄድ ሰው ቢያንስ ያነበዋል፤ ኩባንያውም የሚጠይቅ እንዳለ ያውቃል።

ለመነሻ የሚሆን የአቅራቢ ግዴታ ወረቀቱን ረቂቅ በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለሦስቱም መሥሪያ ቤቶች አያይዣለሁ። የጎደለውን ሙሉበት፣ የበዛውን ቀንሱለት፤ መልሳችሁን በወረዳው ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉልን ነጋዴው ሁሉ ያነበዋል።

ከአክብሮት ጋር

የነጋዴዎች ሂሳብ ያዥ
ወረኢሉ፣ ደቡብ ወሎ